ከቀለሙ በፊት መሳቢያው

(በአንድ እድር ወርሃዊ ስብሰባ ማብቂያ ላይ «ቤት ስንሸጥ ምን እናድርግ?» ተብዬ የተናገርኩት ነው። ልጆቹ በስልክ ቀድተውት ነበር። ከቅጂው ላይ ገልብጬ፣ የተደጋገመውን ቀንሼ ጻፍኩት።)

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ?

ከመጀመሬ በፊት ልናዘዝ። እኔ ደላላ ነኝ። ይኸው፣ እዚያ ጋ አንድ እናት ቦርሳቸውን ወደ ጉያቸው ሳብ አደረጉ። አልፈርድም። 19 ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ቆይቼ እኔ ራሴ ደላላ ሲጠጋኝ ኪሴን እዳብሳለሁ።

ሊቀመንበራችን የደወሉልኝ «ልጆቻችን ወጥተው ትልቅ ግቢ ውስጥ ሁለት ሁለት ሆነን ቀርተናል። አንዳንዶቻችን ልንሸጥ ነው። እንዳንሸወድ ንገረን» ብለው ነው። ምን እንደምትጠብቁ አውቃለሁ። ቀለም ቀቡ፣ ግቢውን አጽዱ፣ አበባ ትከሉ እንድላችሁ ነው። እሱንም እላለሁ። ግን ሰው ትልቁን ገንዘብ ሲያጣ ያየሁት በቀለም አይደለም። ዋጋ ከተስማማበት ቀን ጀምሮ ውልና ማስረጃ እስኪደርስ ባለው መንገድ ላይ ነው የሚያጣው።

አንድ ቤት ልንገራችሁ። ገርጂ ነው። የቤቱ ባለቤት ጡረታ የወጡ እናት ናቸው። ቤቱ እንደ እንቁላል ተልጦ የተቀመጠ ነው። በረንዳው ላይ አቧራ አታገኙም። ገዢው ገና በመጀመሪያው ቀን ወደደው። ባለቤቱንም ይዟት መጣ፣ እሷም ወደደችው። ዋጋ ተስማማን። እኔም አለቀ ብዬ ማኪያቶ ጋበዝኩ።

«እስቲ ካርታውን እንየው» አለ ገዢው። እትዬ ገብተው ከቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከብርድ ልብስ ሥር አወጡት። ካርታው 250 ካሬ ይላል። ገዢው ሜትር ያዥ ሰው ይዞ መጣና ግቢውን ለካ። 271 ካሬ ሆነ። እትዬ ደስ አላቸው። «አየህ፣ ተርፎ ተገኘ!» አሉኝ። እኔ ግን ሆዴ ባባ። ድሮ አጥሩ ሲታጠር ወደ ኋላ ገፋ ብሏል። በዚያች በተረፈችው ቁራጭ ላይ ደግሞ ሰርቪስ ቤቱ ቆሟል። ሁለት ክፍልና ሽንት ቤት፣ ከካርታ ውጭ።

ገዢው አልተቆጣም። ካርታውን ሁለት ጊዜ አገላበጠው። «አስብበታለሁ» አለ። በሳምንቱ ደውሎ ቀነሰ። በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ቀነሰ። እትዬ ልጃቸው ጋ ለመሄድ ትኬት ቆርጠው ነበር። ይህን ገዢው ያውቃል። ማን ነገረው? እሳቸው ራሳቸው፣ ቡና እያፈሉ። ሸጡለት።

እንግዲህ ይቺው ሰርቪስ ቤት በመጀመሪያው ቀን ብትነገር ኖሮስ? «ይህቺ ከካርታ ውጭ ናት፤ ዋጋ ውስጥ አላስገባኋትም» ቢሉት ኖሮ የሚይዝባቸው ነገር አይኖረውም ነበር። ሻጭ የነገረው ጉድለት አንድ ዋጋ አለው። ገዢ ቆፍሮ ያገኘው ጉድለት ሌላ ዋጋ አለው፣ ሦስት እጥፍ። ምክንያቱም ያን ጊዜ «ሌላስ ምን ደብቀውኛል?» ብሎ ይጀምራል።

ስለዚህ ቀለም ቀቢ ከመጥራታችሁ በፊት መሳቢያውን ክፈቱ። ቁም ሳጥኑንም፣ ብርድ ልብሱንም።

በመጀመሪያ ካርታው በማን ስም ነው? ብዙ አባቶች «በእኔ ስም ነው፤ እኔ እሸጣለሁ» ይላሉ። ጋሼ፣ በትዳር ውስጥ የተፈራ ቤት ከሆነ ካርታው በማንም ስም ይሁን የሁለታችሁ ነው። በ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ቁጥር 68 የማይንቀሳቀስ የጋራ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። ውልና ማስረጃም ባለቤትዎን ይጠይቃል። ያላገባም ሰው «አላገባሁም» የሚል ማስረጃ ይዞ ይመጣል። አንድ ጊዜ ሻጭና ገዢ ወረፋ ይዘው፣ ሲፒኦ፣ ያ ባንክ ያረጋገጠው የክፍያ ወረቀት፣ ተሠርቶ፣ ምስክር ቆሞ ሁሉም ነገር የተበተነው በዚህ ነው። ሻጩ ከሚስቱ ተኳርፎ ለሦስት ሳምንት አልተነጋገረም ነበር። ለማስታረቅ የሄድኩት እኔ ነኝ። የድለላ ክፍያዬ ውስጥ ይህ አልተቆጠረም።

የውርስ ቤት ከሆነ ደግሞ በፍርድ ቤት ወራሽነት ይረጋገጣል። ከዚያ ስሙ ይዞራል። ከዚያ ነው ሽያጭ። አምስት ልጆች ካሉ አምስቱም ይፈርማሉ። አንዱ ሪያድ፣ አንዷ ዋሽንግተን፣ አንዱ ደግሞ ያኮረፈ ይሆናል። ውጭ ያሉት በኤምባሲ ውክልና ይልካሉ። ውክልናው እዚህ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ከዚያ ውልና ማስረጃ ይገባል። ይህ በአንድ ቀን የሚያልቅ ነገር አይደለም።

ውክልናውን ደግሞ አንብቡት። «ንብረቴን እንዲያስተዳድርልኝ» ብሎ የላከ ልጅ አለ። ማስተዳደር መሸጥ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2205 ቤት ለመሸጥ ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል ይላል። «ለመሸጥ፣ ገንዘብ ለመቀበል፣ ስም ለማዛወር» የሚሉት ቃላት በግልጽ ካልተጻፉ ወረቀቱ ተመልሶ ይሄዳል። ገዢው እስከዚያ ይቀመጣል? አይቀመጥም። ሲኤምሲ ሌላ ቤት ያያል።

ሌላው ነገር ምን እየሸጣችሁ እንደሆነ ማወቅ ነው። መሬት አይሸጥም። በ1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታን የመንግሥት አደረገ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ብሏል። የምንሸጠው ቤቱን ነው። ይህንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ግን የሚከተለውን ስንቶቻችን አስበነዋል? ብዙዎቻችሁ ያላችሁ ነባር ይዞታ ነው፣ በሊዝ ያልተያዘ የቆየ ቦታ። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ነባር ይዞታ ከውርስ በስተቀር በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ሰው ሲተላለፍ ተቀባዩ በሊዝ ሥሪት፣ ማለትም ለተወሰነ ዘመን ከመንግሥት በክፍያ፣ ይይዘዋል ብሎ ደነገገ። እናንተ በዓመት ትንሽ የቦታ ግብር እየከፈላችሁ የኖራችሁበት ግቢ ለገዢው ሌላ ሂሳብ ይዞ ይመጣል ማለት ነው። ነቃ ያለ ገዢ ይህችን አስልቶ ነው የሚመጣው። ካላወቃችሁ «ምን ነካው? ደህና ቤት እያየ ለምን ይቀንሳል?» ትላላችሁ። ክፍለ ከተማ ሄዳችሁ አሁን ያለውን አሠራር ጠይቁ። ያን ቁጥር ከገዢው ቀድማችሁ እወቁት።

እዚያው ስትሄዱ አንድ ነገር ጨምሩ። ፒያሳና ካዛንቺስ ከፈረሱ ወዲህ ገዢ በር ላይ ቆሞ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ተቀይሯል። ድሮ «ስንት ካሬ ነው?» ነበር። አሁን «መንገድ ይነካዋል?» ሆኗል። «ኧረ አይነካውም» የሚል ሻጭ ሺህ ነው። ፕላኑን ጠይቆ የሚይዝ ሻጭ ግን በጣት ይቆጠራል። የዚያ ሰው ቤት ይሸጣል።

የጣሪያና ግድግዳ ግብር ደረሰኝ፣ የመብራትና የውሃ ቢል፣ የባንክ ብድር ካለ የተከፈለበት ማስረጃ፣ የግንባታ ፈቃድ። እነዚህን አንድ ፋይል ውስጥ አድርጉ። ኮንዶሚኒየም ያላችሁ ደግሞ እንዳይሸጥ የሚከለክለው የ5 ዓመት ገደብ ማለቁን አረጋግጡ። ስለ ወረቀት ይበቃኛል። አባባ፣ ማዛጋትዎን አይቻለሁ።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ።

ገዢ ቤት ሲገባ ሳሎን የሚያይ ይመስላችኋል። ባልና ሚስቱ ሳሎን ያያሉ። አብሯቸው የመጣው ሽማግሌ ግን፣ አጎት ይሁን አማች፣ ድምፁን አጥፍቶ ወደ ጓሮ ይሄዳል። እኔ የምከተለው እሱን ነው። ቧንቧ ይከፍታል። ሽንት ቤት ገብቶ ውሃ ይለቃል፣ እስኪሞላ ቆሞ ይሰማል። ሮቶውን በጣቱ ኳ ኳ ያደርጋል። ግድግዳው ሥር ጎንበስ ብሎ ቀለሙን በጥፍሩ ይፍቃል። ከዚያ ቀና ብሎ ኮርኒሱን ያያል። የዚህ ቤት ዋጋ እዚያ ጋ ነው የሚወሰነው።

ሳሪስ አንድ ቤት ሸጠን ነበር፣ ሐምሌ ላይ። ሻጩ ኮርኒሱ ላይ የነበረውን ቢጫ ክብ፣ ያ ጣሪያ ሲያፈስ የሚወጣው የሻይ ዕድፍ የመሰለ ክብ፣ ነጭ ቀለም ቀብቶ አጥፍቶት ነበር። ጣሪያውን ግን አልነካውም። ሽማግሌው ገባ። በዚያች ክፍል ብቻ ኮርኒሱ አዲስ ነው፣ ያብረቀርቃል። ሌላው ክፍል የቆየ ነው። ሰውዬው ምንም ሳይል ወንበር ጠየቀ። ወጣና በመዳፉ ነካው። እጁን ለልጁ አሳየው። እርጥብ ነበር። አለቀ። ያን ቆርቆሮ ለመለወጥና አሸንዳውን ለመጥረግ የሚወጣው ገንዘብ ገዢው ከቀነሰው ጋር አይወዳደርም።

ስለዚህ ጣሪያ፣ አሸንዳ፣ ቧንቧ፣ ፍሳሽ። መጀመሪያ እነዚህ ይሠሩ። የሚንጠባጠብ ቧንቧ ጎማውን ቀይሩ። የተቃጠለ አምፖል ተኩ። የላላ ሶኬት ይጥበቅ። ሮቶው ታጥቦ ይሞላ። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆነ ፈረቃውን ንገሩት፣ ሁላችንም እዚሁ ከተማ ነን፣ ማንም አይደነግጥም። ግን ሰው ሲመጣ ቧንቧው «ፍስስስ» ብሎ አየር ብቻ እንዳይተፋበት።

ቀለም? አዎ፣ ቀቡ። ነጣ ያለ። ልጃችሁ ክፍሏን ሐምራዊ ካስቀባችው ይጥፋ። የግቢውን በር ዘይት ቀለም አስነኩት፣ ገዢ በሩ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ የሚያየው እሱን ነው። ከዚያ በላይ አትሂዱ። ለመሸጥ ብለው ኪችን ካቢኔ ያስለወጡ፣ ሴራሚክ አፍርሰው ያስነጠፉ ሰዎች አሉ። ገዢው ሲገባ መጀመሪያ ያፈረሰው እሱን ነው። የራሱን ምርጫ ይፈልጋል። በሌላ ሰው ምርጫ ላይ ገንዘብ አይጨምርላችሁም።

ከመጨመር ይልቅ አውጡ። ይህን ስናገር እናቶች እንደሚከፉ አውቃለሁ። ያ ብፌ አለ አይደል? ግማሹን መስኮት የጋረደው? ወደ ልጅዎ ቤት ይሂድ። ሁለት ዙር ሶፋ ያለበት ሳሎን አለ፣ ለለቅሶ ጊዜ ይጠቅማል፣ አውቃለሁ። ግን ገዢ በጎን እየተሽሎከለከ የገባበትን ሳሎን «ጠባብ ነው» ብሎ ይወጣል። ጓሮ ያለውን የዛገ ቆርቆሮ፣ የተሰበረ ወንበር፣ የ1980ዎቹን ቴሌቪዥን ለቆራሌው ስጡት። ሲያለቅስበት ያየሁት አባት አለ፣ በዚያ ቴሌቪዥን። እሺ፣ ለሱ ሰው ፈቀድኩለት።

ባለፈው አንዲት እናት «ቡና ላፍላ?» ብለው ጠየቁኝ። ያፍሉ። የሚቆላ ቡና የማይወድ ገዢ አላየሁም። ዕጣኑን ግን ቀነስ ያድርጉት። ቤቱ በጭስ ከታፈነ «ምን ሽታ ሊሸፍኑ ነው?» ይላል ያ ሽማግሌ። በቡናው ላይ ደግሞ ስለ ትኬት፣ ስለ ሕክምና፣ ስለ ልጅ ሠርግ አይወራ። የገርጂዋን እትዬ አስታውሱ።

ዋጋን በሚመለከት አጭር ላድርገው። ጎረቤት «ይህን ያህል ተባለ» ያለው ዋጋ አይደለም። ጎረቤት የሸጠበትን ጠይቁ። የተባለና የተሸጠ መሃል ትልቅ ገደል አለ። እዚያ ገደል ውስጥ ደግሞ እኛ ደላሎች አለን።

ይህን ማውራት የለብኝም፣ ባልደረቦቼ ይሰሙኛል። ግን ላውራው። ቤታችሁን ለአምስት ደላላ ከሰጣችሁ አምስቱ ለአስር ይሰጣሉ። ገዢ አንዱን ቤት ከአራት ሰው በአራት ዋጋ ይሰማል። ከዚያ ዝቅተኛውን ይይዛል፣ ወይም «ይህ ቤት ምን ቢኖርበት ነው እንደዚህ የሚዞረው?» ይላል። ለአንድ፣ ቢበዛ ለሁለት ስጡ። ክፍያው በልማድ ከየወገኑ 2 በመቶ ነው፤ በድርድር ይቀንሳል፣ አትፈሩ።

ከሁሉ የከፋው ግን ሻጭ ለደላላው «ለእኔ ይህን ያህል ይበቃኛል፣ ከዚያ በላይ ያገኘኸው ያንተ» የሚልበት ውል ነው። ለሻጭ ይጣፍጣል። እኔ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ሁለቴ ሠርቼበታለሁ፣ አልኮራበትም። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ደላላው የእናንተ ሰው አይደለም። ገዢና ሻጭ እንዳይገናኙ ሲሮጥ ይውላል። ከተገናኙ ትርፉ ይታያላ! ደህና ገዢ ሲመጣም በዋጋ ካልገፋለት ደብቆ ያቆየዋል።

ቀብድ። እዚህ ላይ ልብ በሉ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 ሌላ ስምምነት ከሌለ እንዲህ ይላል። ቀብድ የሰጠው ሐሳቡን ከቀየረ ቀብዱ ይቀርበታል። የተቀበለው ከቀየረ እጥፉን ይመልሳል። አንድ አባት ቀብድ ተቀብለው በማግስቱ የተሻለ ዋጋ መጣላቸው። «ብሩን መልስለት፣ ምን ቸገረኝ» አሉኝ። እጥፉን ሲሰሙ ዝም አሉ። ቀብዱ ደግሞ ለበሬና ለበግ ወጥቶ ነበር፣ ፋሲካ ነበር። ስለዚህ ቀብድ ስትቀበሉ በጽሑፍ፣ በቀን፣ ቀሪው መቼ እንደሚከፈል ተጽፎ። እና እስከ ፊርማው አትንኩት።

«ውሉ ላይ ዝቅ አድርገን እንጻፍ፣ ግብር ይቀንሳል» የሚል ገዢ ይመጣል። ነገ ጭቅጭቅ ቢነሳ በእጃችሁ ያለው ማስረጃ ያ ዝቅ ያለው ቁጥር ነው። ቀሪው ብር የት እንደገባ ለዳኛ ስታስረዱ አስቡት። ስለ ግብር ካወራን፣ በ1990 የወጣው የቴምብር ቀረጥ አዋጅ ለባለቤትነት ስም ማዛወሪያ 2 በመቶ አስቀምጧል። ሌላም ክፍያ አለ። የቱን ማን ይከፍላል? በአፍ አትተዉት፣ ዋጋ ስትስማሙ በዚያው ወረቀት ላይ ይግባ። ብዙ ሽያጭ በመጨረሻዋ ሰዓት የሚናጋው በዚህ ነው።

ገንዘቡ በባንክ ይሁን። ሲፒኦ ከሆነ በራሳችሁ ባንክ አረጋግጡት። ውሉም ውልና ማስረጃ ፊት ይፈረም። ሕጉ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት ይመዝገብ ይላል። ቁልፉ ከሁሉ በኋላ ነው። ቀድሞ ቁልፍ የሰጠ ሰው አውቃለሁ። ገዢው ዕቃውን አስገብቶ፣ ግድግዳ አፍርሶ፣ ከዚያ ቀሪውን ዋጋ መደራደር ጀመረ።

ጥያቄ ካለ።

(እዚህ ላይ ብዙ ተጠየቀ። አንዱን ብቻ ልጻፍ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ።)

«ልጄ፣ ይህን ሁሉ ተናገርክ። የእኔ ቤት ስንት ያወጣል? እሱን ብቻ ንገረኝ።»

«ካርታውን አይቼው ነዋ፣ እማማ» አልኳቸው።

ነጠላቸውን ገልጠው ከሥር የፌስታል ጥቅል አወጡ። ይዘውት መጥተው ኖሯል። ፌስታሉን ፈቱ፣ ጋዜጣውን ፈቱ። አዳራሹ ሁሉ ዝም ብሎ ያያል። ካርታው ደህና ነው። ስፋቱ ደህና ነው፣ ማህተሙ ይነበባል። ስሙ ላይ ስደርስ ቆምኩ።

«እማማ፣ ይህ የማን ስም ነው?»

«የባለቤቴ ነው። የዛሬ 14 ዓመት ያረፈው።»

«ወራሽነት አውጥታችኋል?»

«ቤቱ ውስጥ እየኖርኩ ምን ወራሽነት ያስፈልገኛል?» አሉ።

ስንት ልጆች እንዳሏቸው ጠየቅኳቸው። አራት። ሁለቱ እዚህ፣ አንዱ ደቡብ አፍሪካ፣ ትንሿ ቤይሩት። ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣሁ። ዋጋ የሚባለውን ትተን የልጆቹን ስልክ መጻፍ ጀመርን።